እግሩ ብቻ መለሰ

የቀፎ ሰቃይ ሚስት መሆን ምን ማለት እንደሆነ ዛፍ ሥር ቆሞ ያላየ ሰው አያውቀውም። ባል ላይ ነው፣ ሚስት ታች ናት፤ በመካከላቸው ቅጠሉ ሰማይ ሸፍኖ፣ ንቡ እየጮኸ፣ ባል ይኑር አይኑር የሚታይ ነገር የለም። ውድነሽ ግን ከዚህ ሌላ ኑሮ አታውቅም። ከሸኮ ከተማ አለፍ ብሎ ጫካው ቡናውን በጥላው ሥር አቅፎ የሚኖርበት ቀበሌ ተወልዳ፣ እዚያው ጴጥሮስን አግብታ፣ እዚያው ገመዱን ያዘች። ገመድ መያዝ የወንድ ሥራ ነው ብሎ ያላማት አልነበረም። ታዲያ ወንድም የሌለው፣ እግዜር ልጅ ያልሰጠው ሰው ዛፍ ሥር ማንን ያቁም? እኔ እቆማለሁ አለች፣ ቆመች። ሐሜተኛው እንደሆነ ከምላሱ በቀር የሚይዘው የለው።

ገመዱ ቀጭን ነው። አንደኛው ጫፍ ጴጥሮስ የእጅ አንጓ ላይ ይታሰራል፣ ሌላው እሷ እጅ ላይ ነው። ዛፍ ላይ ያለ ሰው አይጠራም፤ ጩኸት ንብ ያስቆጣል። ስለዚህ ታች ያለው ገመዱን አንዴ ሳብ ያደርጋል፦ ደህና ነህ ወይ ማለቱ ነው። ላይ ያለውም መልሶ ሳብ ያደርጋል፦ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ገመዱ ከመለሰ ሰውየው አለ። አባቶቻቸውም እንዲህ ነበር የሚጠያየቁት፣ የውድነሽ አባትም ሲያስተምራት ከዚህ የበለጠ ቃል አልጨመረላትም።

በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ላይ፣ የጌተማው ዛፍ አበባ ሊያወጣ ሲል ጴጥሮስ ቀረሮ የሚሉት አንድ ትልቅ ረጅም ዛፍ ላይ ወጣ። ንብ አበባውን ተከትሎ ሲመጣ ቀፎው ተሰቅሎ መጠበቅ አለበት፤ አንድ ሳምንት የዘገየ ሰው ለዓመቱ ማር ያያል እንጂ አይልስም። ውድነሽ ከታች ሆና ሳበች። ገመዱ መለሰ፤ እንዲያውም ከወትሮው በረታ አድርጎ ሳባት። እፎይ ብላ ሁለተኛውን ቀፎ ልታቀርብ ዞር አለች። ከኋላዋ ቅርንጫፍ ሲንኮሻኮሽ ሰማች፣ ወዲያው የከበደ ነገር መሬት መታ።

ኋላ ገመዱን ሊያወርዱ የወጡ ጎረቤቶች ያዩትን ነገሯት። ጴጥሮስ እጁን ነጻ ለማድረግ ገመዱን ከአንጓው ፈትቶ አጠገቡ አንጠልጥሎት ኖሯል፤ ቀፎው ሲንሸራተት ገመዱ ተጠምጥሞበት አብሮ ሄዶ ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። የሳበሽ ቀፎው ነው አሏት። ውድነሽ ይህን አልሰማም አለች። የባሌን እጅ አውቀዋለሁ፣ የሳበኝ እሱ ነው ብላ ድርቅ። ሐዘንተኛን ማን ይሟገታል? ተዋት።

ጴጥሮስ ሚዛን ሆስፒታል ተኝቶ ሰነበተ። ጭንቅላቱ ደህና ነው፣ እጁ ደህና ነው፣ ይናገራል፣ ይበላል፤ ከደረቱ በታች ግን የሌላ ሰው አካል የተጋደመ ይመስል ነበር። ሐኪሞቹ የጀርባው አጥንት ተሰብሮ በውስጡ የሚያልፈውን ሕብለ ሰረሰር የሚሉትን ነገር እንደቆረጠው አስረዷት። ይህ ሕብለ ሰረሰር ከጭንቅላት ተነስቶ እስከ ወገብ የሚወርድ፣ የአካል ወሬ ሁሉ ሽቅብና ቁልቁል የሚመላለስበት ነው አሏት። እግሮቹ እንደራሰ ጨርቅ ሆነው ነበር። ቆነጠጧቸው፣ በመርፌ ወጓቸው፣ ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መቱት፤ ዝም። ከዚህ በላይ የምናደርግለት የለም፣ ቤቱ ውሰዱትና አገላብጡት፣ ገላው እንዳይቆስል ጠብቁት ብለው ሸኟቸው። የቀበሌው ጎረምሶች ከመኪና መንገድ ላይ በቃሬዛ ተቀብለው ቤቱ አስገቡት።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ከዚያ ወዲያ ምክር ያላመጣ ጎረቤት የለም። አንዱ የጃርት ሥጋ ይብላ ይላል፣ አንዱ ወገቡን በቅቤ እሹት ይላል። ጎረቤታቸው እማማ አሰጋሽ ደግሞ ቀረሮው የየትኛው መንፈስ ማደሪያ እንደነበር ሳትጠይቁ ወጥታችሁ ነው ብለው ቁጭ አሉ፤ እሑድ እሑድ ከሁሉ ቀድመው ቸርች የሚገቡት እኚህ ሴትዮ ናቸው እንግዲህ። ውድነሽ ሁሉንም ሰማች፣ አንዱንም አልነቀፈችም። ጨነቀኝ ያለ ሰው ምን ይመርጣል? ማታ ማታ ጴጥሮስን እያገላበጠች ስታጥበው ግን የምትጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እግሩ እንዲመልስላት።

መለሰላት። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ ጠዋት፣ እግሩን ሳፋ ላይ አድርጋ ውስጥ እግሩን በእጇ ስታሽ እግሩ ዘለለ። ጣቶቹ ወደ ላይ ተገለበጡ፣ ጉልበቱ ታጠፈ፣ ውሃው ቀሚሷ ላይ ተደፋ። ውድነሽ እንደገና ነካችው፤ እንደገና ዘለለ። ያን ጊዜ ሳፋውን ትታ ወደ ውጪ ሮጠች፣ በሸኮኛም በአማርኛም በአንድ ላይ እየጮኸች ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበች። ሰው ቤቱን ሞልቶ እግሩን ሲያስዘልል ዋለ። እግሩም አላሳፈራቸውም፤ በነኩት ቁጥር መለሰ።

ከጤና ጣቢያው ይትባረክን አስጠራች። ይትባረክ የጤና መኮንን ነው፤ አባቱ ከጎጃም በአስተማሪነት ተመድበው መጥተው ሚዛን የቀሩ፣ እሱም እዚያው ተወልዶ ያደገ። አገሬው ነጭ ጋውን የለበሰን ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው፤ ይትባረክ አይደለሁም እያለ ሲያርም ከርሞ በመጨረሻ ሰለቸውና ተወው። ጭቃውን በቦቲ ጫማ እየረገጠ መጣ። ጴጥሮስን ሰላም ብሎ፣ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ፣ ጉልበቱን በመዶሻው መታ አደረገው። እግሩ ተወረወረ። የእግሩን መዳፍ ይዞ ወደ ላይ ገፋ ሲያደርገው ደግሞ እግሩ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እማማ አሰጋሽ እልል አሉ። ውድነሽ የሐኪሙን ፊት አየች፤ ፈገግታ የሚባል አልነበረበትም።

እህቴ አንዴ ውጪ እንነጋገር አላት። ደጃፍ ላይ ካለችው ግንድ ላይ አስቀመጣትና፣ ይቅርታ ብሎ፣ የእሷን ጉልበት መታ አደረገው። እግሯ ብድግ አለ። ውድነሽ አፍራ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ሳቀችም።

«እግርሽን ተነሥ ብለሽ አዘዝሽው?» አላት።

«አላዘዝኩትም።»

«ታዲያ ማን አዘዘው?»

«እርስዎ ነዎታ፣ ዶክተር! የመቱት እርስዎ።»

ይትባረክ እሱም ፈገግ አለ፣ ግን ወዲያው ተወው። ቀስ ብሎ ሲያስረዳት ብዙ ቆየ። የጋለ ድስት ሳታውቅ ስትነካ እጇ ሸሽቶ ካበቃ በኋላ ነው ወይኔ የምትለው። ለምን ቢባል የቃጠሎው ወሬ ከጣቷ ተነስቶ ጀርባዋ ውስጥ ያለው ሕብለ ሰረሰር ላይ ይደርሳል፤ እሱ ጭንቅላትን አማክሮ መልስ እስኪያገኝ ሥጋዋ ይቃጠላልና፣ ራሱ እዚያው እጅሽን አሽሺ ብሎ ያዛል። ጭንቅላት ወሬውን የሚሰማው ነገሩ ካለቀ ወዲያ ነው። ጉልበትም እንደዚያው፣ ውስጥ እግርም እንደዚያው። የጴጥሮስ ሕብለ ሰረሰር የተቆረጠው ከፍ ብሎ ደረቱ ላይ ነው፤ ከቁርጡ በታች ያለው ግን አልሞተም። መጀመሪያ ከአደጋው ደንግጦ ዝም ብሎ ነበር፣ አሁን ድንጋጤው ለቀቀውና የገዛ ሥራውን ጀመረ። እንዲያውም ከላይ ሆኖ ቀስ በል የሚለው ስለሌለ ከጤነኛ እግር ይልቅ ይዘላል።

ውድነሽ ይህን ሁሉ ሰምታ የያዘችው አንድ ቃል ነው። አልሞተም ብሏል።

ይትባረክ ይህን ከፊቷ ላይ አየው መሰለኝ፣ ሌላ መንገድ ሞከረ። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ድልድዩን የወሰደው ጊዜ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች ሞቱ ወይ ብሎ ጠየቃት። አልሞቱም፤ ይገበያያሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፤ ከወዲህ ያለው ሰው ግን አይሰማም፣ መልእክትም አይልክባቸውም። «የጴጥሮስ እግር ማዶ ነው ያለው» አላት። «ስትነኪው የሚመልስልሽ እግሩ ነው። ጴጥሮስ መመለሱን እንኳ አያውቅም።»

«ድልድዩ ኋላ ተሠርቷል እኮ» አለች።

«ይኼኛው አይሠራም፣ ውድነሽ።»

ሊሄድ ሲነሣ አንድ ነገር ጨመረላት። ካላመነችው ራሷ ትፈትን፤ የጴጥሮስን ዓይን በጨርቅ ሸፍና እግሩን ትንካው፣ መነካቱን ከነገራት እሱ ይትባረክ ውሸታም ነው፤ ጤና ጣቢያው ድረስ መጥታ በሰው ፊት ትስደበው። ውድነሽ አመሰግናለሁም አላለችው። ገብታ በሩን ዘጋችና ባሏ አጠገብ ተቀመጠች። ሰው ሲድን የሚከፋው ሐኪም ታይቶ ይታወቃል? በልቧ ስሙን እየጠራች ስትራገም ዋለች። የተናደደችው ግን ፈትኚ በማለቱ ነው፣ ምክንያቱም ዓይኑን ሸፍናው የሚሆነውን ለማየት ድፍረቱ አልነበራትም። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም፣ ለጴጥሮስም።

እሑድ ቸርች ወሰዱት። ወንጌላዊ ፍቅሩ ደግ ሰው ናቸው፣ የተጋነነ ነገር አይወዱም፤ ሕመምተኛውን አምጡና እንጸልይለት አሉ እንጂ ተአምር ይታያል አላሉም። ቃሬዛውን ከፊት አስቀመጡት። ምስጋናው ሞቅ ብሎ ሳለ አንዷ ሴት ልታለብሰው ጋቢ ስትስብ ጫፉ ውስጥ እግሩን ነካው። እግሩ በሰው ሁሉ ፊት ብድግ አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ተዉት። አዳራሹ በእልልታና በሃሌ ሉያ ተናወጠ፣ ወንድ ሴቱ አለቀሰ፣ ውድነሽ ተንበርክካ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች እጇን ዘረጋች። ጴጥሮስም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሰው ረጋ ሲል ክንዷን ጎተት አደረጋት።

«ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚጮኹት?» አላት።

«እግርህ ተነሣ እኮ! በሕዝብ ፊት!»

ጴጥሮስ ፊቷን አየው። ከወደቀ ወዲህ እንደዚህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም። ጥቂት ቆየና «አዎ፣ አዎ፣ ተሰማኝ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በነካችው ቁጥር ተሰማኝ ይላል። አጠገቡ ተቀምጣ ስትነካው ዓይኑን ከፊቷ ላይ አይነቅልም፤ ፊቷ ሲበራ ተሰማኝ ይላል፣ ፊቷ ካልበራም ዝም ብሎ ይጠብቃል። ውድነሽ ይህን የፍቅር አተያይ አድርጋ ወሰደችው። ፍቅርም አይደለም ማለት አይቻልም።

ያንን ሰሞን ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ገበያ ስትወርድ ሰው ያስቆማታል፣ ትነግራለች፤ ከቱም ከተማ ድረስ የመጣ ነጋዴ እንኳ ስለ ጴጥሮስ እግር ጠይቋታል። ሳይደግስ አይጣላም ትላለች። በዚያ ላይ እግሩን ማለማመድ አለብኝ አለች፤ ዝም ካልኩት ይተኛብኛል። ጠዋት ታሸዋለች፣ ማታ ታሸዋለች። ሰኔ ገብቶ ብርዱ ሲጠና ደግሞ ድንጋይ እሳት ውስጥ አግላ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ውስጥ እግሩ ሥር ታደርግ ጀመር። እናቷ ለአራስ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። እግሩ ሙቀቱ ሲነካው ይሸሻል። እሷ ደግሞ መሸሹን ስታይ ልቧ ይሞላል፤ ትመልሰዋለች፣ ይሸሻል። በገመዱ አንደኛው ጫፍ ሰው እንዳለ ሁሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ውጪ ዝናቡ ይወርዳል፣ ድንጋዩ ከሌላው ቀን ይበልጥ ግሎ ነበር። እግሩ እየዘለለ አስቸገራትና በጨርቅ ጠምጥማ ከድንጋዩ ጋር ቀስ አድርጋ አሰረችው፤ ሙቀቱ እንዲገባው ብላ። እግሩ በእስሩ ውስጥ ይወራጫል። በርቺ አለች ለራሷ፣ ጉልበት እያገኘ ነው። ጴጥሮስ ትራሱን ተደግፎ ስለ ቀፎዎቹ ያወራ ነበር፤ ዘንድሮ ማን ወጥቶ እንደሚያወርዳቸው፣ ጌጫ ያለው የአጎቱ ልጅ ቢመጣ ምናልባት። መሃል ላይ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገና አቋረጠ።

«ውድነሽ፣ ምድጃው ላይ ምን ረሳሽ? ሥጋ ያረረ ይሸታል።»

ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም።

ስትፈታው ቆዳው ከጨርቁ ጋር መጣ። ውድነሽ አልጮኸችም፤ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ጴጥሮስ ምን ሆነሽ ነው ብሎ ጠየቀ፣ ከዚያ ፊቷን አየ፣ ከዚያ ምን እንዳረረ ገባው። መቼም ሰው የገዛ ሥጋውን በአፍንጫው ብቻ ሲያውቀው ምን ይላል? ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው። ሞቅ ሞቅ ሲለኝ ነበር፣ እንዳላስቸግርሽ ብዬ ዝም አልኩ አላት። ውሸት መሆኑን አንድ ሕፃን ያውቀዋል። ውድነሽ ግን ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል እንዲሉ፣ ይህችን ሞቅ ሞቅ ይዛ እንደገና ቆመች። ሞቆታል ማለት ነው። ትንሽም ቢሆን ሞቆታል።

ይትባረክ ቁስሉን ለማጠብ በየቀኑ ሲመላለስ ሰነበተ። አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ሲያጥበው እግሩ ይዘላል፤ ይትባረክ በአንድ እጁ ተጭኖ ይዞት በሌላው ያጥባል፤ ጴጥሮስ በዚያ መሃል ስለ ቡናው ዋጋና ስለ ዝናቡ ያጫውተዋል። አንድ ጤነኛ ሰው እንደዚያ ቢታጠብ ቤቱን በጩኸት ያፈርሰዋል። ውድነሽ ጥግ ቆማ ሁለቱን ታያለች፣ ወሬውን ታዳምጣለች፣ ከዚያ ዓይኗን ከእግሩ ላይ ታነሣለች።

ቁስሉ አልዳነም። ጠቆረ፣ ከዚያ መሽተት ጀመረ፣ ከዚያ እሳት የመሰለ ትኩሳት መጣ። ወገቡ ላይም ሌላ ቁስል ወጥቶ ነበር። ይትባረክ ጅማ ካልሄደ አይሆንም አለ፤ እግሩን ሊቆርጡት ይችላሉ፣ ምናልባት ነፍሱ ትተርፋለች። እግር ይቆረጣል የሚለውን ስትሰማ ውድነሽ በሩ ላይ ቆመች። የሚመልስላትን እግር፣ በሕዝብ ፊት የተነሣውን እግር ማንም አይቆርጠውም። ጴጥሮስም የትም አልሄድም አለ፤ እሱ ያለው ግን በሌላ ምክንያት ይመስለኛል። ይትባረክ ለመነ፣ ሽማግሌ ላከ፣ በመጨረሻ ወንጌላዊ ፍቅሩን ይዞ መጣ። ይህን ሲነጋገሩ ሐምሌ ገባ፣ መንገዱ በጭቃ ተዘጋ፣ መኪናም ቀረ።

የዚያን ሳምንት ዓርብ ቀን ላይ ነው። ትኩሳቱ ጠንቶ ጭንቅላቱን ሲፈልጠው ጴጥሮስ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ግንባሩ ላይ እንድታደርግለት ጠየቃት። አደረገችለት። ብርሃኑም አስቸግሮኛል አላት፤ ጨርቁን ወደ ታች ስባ ዓይኑን አለበሰችው። ከዚያ በደንቡ እንደምታደርገው ሄዳ እግርጌው ተቀመጠች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዓይኑ መሸፈኑን ልብ ያለችው ተቀምጣ ካበቃች በኋላ ነው። ይትባረክ ግንዱ ላይ አስቀምጦ የነገራት ነገር መጣባት። ፈትኚ ያላት እንዲህ አድርጎ ነበር።

ተነሥታ መሄድ ትችል ነበር። ቅጠል ልታመጣ፣ እንጨት ልትለቅም፤ ምክንያት መቼ ይጠፋል? ግን ደክሟት ነበር። ሰው ሲደክመው እውነት አጠገቡ መጥታ ብትቀመጥ እንኳ ተነሥቶ አያባርራትም።

ባልቆሰለው እግሩ መዳፍ ላይ ጣቷን ቀስ አድርጋ አስኬደች። እግሩ ዘለለ፣ ጉልበቱ ወደ ሆዱ ታጠፈ፣ ቀስ ብሎ ተመልሶ ተዘረጋ። ፊቱን አየችው። ከናፍሩ አልተንቀሳቀሰም። እንደገና ነካችው። እንደገና ዘለለ። ጴጥሮስ ተኝቷል እንዳይባል እንኳ አልተኛም፤ በጣቶቹ የብርድ ልብሱን ጠርዝ እየነካካ ነበር። አሁን የሚያየው ፊት የለውም፣ ስለዚህ የሚለው ነገር የለውም። ሦስተኛ ጊዜ፣ በጥፍሯ፣ አጥብቃ ጫረችው። እግሩ አልጋውን መታው። ጴጥሮስ ዝናቡን ያዳምጣል።

ውድነሽ ሁለት እጆቿን ሰብስባ ጭኗ ላይ አደረገቻቸው።

«ጴጥሮስ» አለችው። «አሁን ነካሁህ። ተሰማህ?»

ከጨርቁ ሥር ፈገግ አለ።

«ተሰማኝ እንጂ» አላት። «መልሼልሽ የለ? ደህና ነኝ፣ አንቺ ልጅ። አትጨነቂ።»

እጆቿን አየቻቸው። ጭኗ ላይ ናቸው፣ አልተንቀሳቀሱም። ያን ጊዜ ቀረሮው ሥር የቆመችበት ሰዓት እንደገና መጣባት፤ ገመዱ ሲሳብ፣ ከወትሮው በረታ ብሎ ሲስባት፣ እሷም እፎይ ብላ ዞር ስትል። ጎረቤቶቹ የነገሯት ልክ ነው። ያን ጊዜም የሳባት ቀፎው ነበር፤ እሱ ከገመዱ ርቆ ነበር። ስንት ወር ሙሉ ቀፎ ስትስብ ኖራለች። እሱ ደግሞ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ከቸርቹ ቀን ጀምሮ ያውቃል፣ ለእሷ ሲል ነው በባዶ እጁ ሲመልስላት የከረመው። ከዚያ የባሰ ሐዘን ውድነሽ አላየችም፣ ባሏ መሬት የመታ ዕለትም ቢሆን።

«አዎ» አለችው። «መልሰሃል።»

«በርትቷል አይደል?»

«በርትቷል።»

እሱ እንደረካ ሰው ጭንቅላቱን ትራሱ ላይ አደላደለ። ውድነሽ ብርዱ እንዳይገባው ብላ ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ ሳበችለት። የብርድ ልብሱ ጫፍ ውስጥ እግሩን ሲነካው እግሩ ዘለለ። በሁለት እጇ ተጭና ያዘችው፤ ይንቀጠቀጣል፣ አልተወም። እስኪተው ድረስ ይዛው ቆየች።